ኤሌክትሪክ የመሰከረለት ባት

ዋሸ በሉኛ! በሉ፣ ማን አፋችሁን ያዘው? «እግሬ ላይ ኤሌክትሪክ ለቀውብኝ ነው ከነገር የወጣሁት» ባልኩ ቁጥር የምትገለፍጡት ሁሉ፣ እስቲ ጥርሳችሁን ሰብስቡና ስሙኝ። «ኤሌክትሪክ ቢይዝህ ኖሮ ይሄኔ ተዝካርህን በልተን ነበር» ያልከኝ ደግሞ አንተ፣ አዎ አንተ፣ ስልክህን ቻርጅ ልታደርግ ስትል የሚጠፋብህን መብራት ነው የምታውቀው። እኔ የማወራው ስለ ሌላው ነው። በባትሪ የሚሠራ፣ የዳቦ ግማሽ የምታክል ሳጥን ውስጥ የሚቀመጥ፣ ከተማው በሙሉ ጨልሞ እንኳ እሱ የማይጠፋ።

«ምን ተምረህ ነው ስለ ነርቭ የምትለፈልፈው? አራተኛ ክፍል አይደል ያቋረጥከው?» ትላላችሁ። እሱም ውሸት ነው። አምስተኛ ነው። አምስተኛን ደግሞ ሁለቴ ስለተማርኩት ስድስተኛ ብትሉኝ ቅር አይለኝም። ነርቭን የተማራችሁ ሰዎች መጽሐፍ ላይ አንብባችሁት ይሆናል፤ እኔ ግን የገዛ እግሬ ላይ ነው የተነበበው። ማን ይበልጣል?

ሥራዬ ሽንኩርት መጫን ነው። ሸዋ ሮቢት ላይ መኪና አቁማችሁ ሽንኩርት የጫናችሁ ሁሉ ታውቁኛላችሁ፤ ፊቴን ባታውቁት ከጆንያ ሥር ስለሆንኩ ነው። አሥራ አንድ ሆነን ነው የምንሠራው። ሁለት አሸካሚዎች ጆንያውን ከመሬት አንስተው ትከሻህ ላይ ያወጡልሃል፤ አንተ በሳንቃው ላይ ወደ መኪናው ትወጣለህ፣ ታራግፋለህ፣ ትወርዳለህ፣ እንደገና። ሳንቃው ከሥርህ ያረገርጋል። ፀሐዩን አልነግራችሁም። እኛ አገር ሰው ጥላውን እንኳ ቤት ትቶ ነው የሚወጣው፣ እንዳይቃጠልበት።

በጉልበት ከእኔ የሚስተካከል እስከ ማጀቴ ከተማ ድረስ ብትሄዱ አታገኙም። ይሄንን እኔ ብቻ አይደለሁም የምለው፤ እናቴም ትላለች። አንድ ችግር ብቻ አለብኝ፤ ግራ ባቴ። ፀሐይ ከበረታ፣ ላብ ሸሚዜን አልፎ ሱሪዬ ከገባ በኋላ፣ ሳንቃው መሐል ላይ ስደርስ የሆነ ሰው ባቴ ውስጥ እጁን ከትቶ ጭብጥ ያደርገዋል። ጡንቻዬ ተሰብስቦ ሎሚ ይሆናል። እግሬ ላጥፈው ብል አይታጠፍ፣ ልዘርጋው ብል አይዘረጋ። በዚያን ሰዓት እንኳን ኩንታል ሽንኩርት፣ ስሜን መሸከም ያቅተኛል። ሐኪም ክራምፕ ይለዋል። ሠፈሩ ጅማት ያዘው ይላል። እናቴ ዓይን ነው ትላለች። አንዱ ጨው ላስ አለኝ፣ አንዱ በመርፌ ውጋው አለኝ፣ አንዱ ጠበል ሂድ አለኝ፣ አንዱ ደግሞ ጅን ነው፣ ሼኹ ጋ ሂድ አለኝ። ጨውም ልሻለሁ፣ ተወግቻለሁ፣ ጠበልም ሄጃለሁ፣ ሼኹም ጋ ሄጃለሁ። ሼኹ ዱዓ ካደረጉልኝ በኋላ «ልጄ፣ ውኃ ጠጣ» አሉኝ። ከሁሉም የሚሻለው የሳቸው ነበር።

ሁለት ጊዜ ሸክም ጥያለሁ፣ አልክድም። ሦስተኛው ግን ገበያ ቀን፣ አስፋልት ዳር፣ ሰው በሞላበት ሆነ። ሳንቃው መሐል ያዘኝ። ጆንያው ከትከሻዬ ተንሸራቶ ወርዶ ፈነዳ። ሽንኩርቱ አስፋልቱን ይዞ ወደ ደሴ ጉዞ ጀመረ። ባጃጆች አለፉበት፣ ፍየሎች ደረሱበት። ፍየል ሽንኩርት አትበላም የምትሉ የሸዋ ሮቢትን ፍየል አታውቋትም።

እኔ ሳንቃው ላይ ባቴን ይዤ እንቀጠቀጣለሁ። ከኋላዬ የነበረው ባልደረባዬ ጆንያውን አስቀምጦ መጣ። እሱን ባለ ሽርጡ እያልኩ ልጥራው፤ ያለ ሽርጥ አይቼው አላውቅም፣ ሲሠራ እስከ ጭኑ ድረስ ሰብስቦ ነው የሚታጠቀው። ደርሶ ባቴን ሲነካው ለቆኛል። ሁልጊዜ እንደዚህ ነው፤ ምስክር ሲመጣ ይለቃል።

«የታለ?» አለ። «እንደኔ ነው እኮ፣ ለስላሳ ነው።»

«አሁን ለቀቀኝ!»

«ወላሂ ይገርማል! ስታወራ የማይይዝህ እግር ስትሸከም ብቻ ነው የሚይዝህ?»

ገበያተኛው ሳቀ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በሌላ ሰው ቢሆን እኔም እስቅ ነበር፤ ጥሩ አባባል ነው።

የኛ ቡድን ሕግ አለው። ሦስቴ ሸክም የጣለ ይወጣል። ለሕመምተኛ ግን ምሕረት አለ፤ ወገባቸውን የታመሙትን አንዱን አዛውንት እስኪድኑ ድረስ ቦታቸውን ጠብቀንላቸዋል። ግን የሳቸው ሕመም ይታይ ነበር፣ ጎንበስ ብለው ነበር የሚሄዱት። የኔ ምን ይታያል? ቁስል የለው፣ እብጠት የለው። በዚያ ላይ ጥፋቱ የኔም ነው። ከቡድኑ ቀልደኛ እኔ ነኝ። ከአሊዩ አምባ ስመጣ አህያዬ ደክሟት ከነጭነቷ ተሸክሜያት መጣሁ ብዬ ያወራሁ ሰው ነኝ። አህያ እንኳ የለኝም። እንዲህ ያለ አፍ ይዤ «አሞኝ ነው» ብል ማን ያምነኛል?

ካቦአችን ሽማግሌ ናቸው፣ ትንሽ የሚናገሩ፣ ሲናገሩ ግን የሚደመጡ። አመሻሽ ላይ ማንጎው ሥር ሰበሰቡን።

«ጋሼ፣ በማርያም እምላለሁ፣ አስመስዬ አይደለም» አልኳቸው።

«በአህያዋም ምለህልን ነበር» አሉኝ።

ሁሉም ፈነዱ። እሳቸው አልሳቁም። «እስከ ቅዳሜ ላስብበት። እስከዚያ ሳንቃ እንዳትረግጥ» ብለው ተነሱ።

ሥራ ቢቀር ሌላ ሥራ ይገኛል፣ እሱን አልፈራሁም። «አስመሳይ» የሚለውን ስም ነው የፈራሁት። ሰነፍ የተባለ ጫኝ ከሸዋ ሮቢት ወጥቶ የትም ቢሄድ ስሙ ቀድሞት ነው መናኸሪያ የሚጠብቀው።

ሐሙስ ዕለት አንዲት ልጅ መጣች። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ናት፣ ከሌላ አገር ተመድባ የመጣች፤ እኛ ነጭ ጋውን ያየንበትን ሁሉ ዶክተር ስለምንል ዶክተር አልናት። በሙቀት የሚሠሩ ሰዎችን እግር ክራምፕ ለምን እንደሚይዘው እያጠናች ነው። ጤና ጣቢያ ኑ ብትለን ማንም አልሄደም፤ ስለዚህ ሳጥኗን ይዛ መጋዘናችን ድረስ መጣች። ክራምፕ የሚይዘውንም የማይይዘውንም እፈልጋለሁ አለች። ፈቃደኛ ያልሆነ እንዲተወው፣ የጀመረም መሐል ላይ በቃኝ ማለት እንደሚችል ነግራ አስፈረመችን።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አግዳሚው ላይ በሆድህ ትተኛለህ። ከጉልበትህ በስተጀርባ ነርቩ ያለበት ቦታ ላይ እንደ ፕላስተር የሚለጠፍ ነገር ትለጥፍብሃለች። ሳጥኗ ነርቩን ትመታዋለች፤ መጀመሪያ ቀስ ብላ፣ እንደ ጫጩት ለቀማ። ከዚያ ታርፋለች። ከዚያ ትንሽ ታፈጥነዋለች። በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደመታችህ በቁጥር ይታያል። አንድ ቁጥር ላይ ስትደርስ ባትህ ጭብጥ ይላል። ያ የአንተ ቁጥር ነው። ባትህ ላይ ሌላ ሽቦ አለ፣ ጡንቻው መያዙን ታብሌቷ ላይ ያሳያታል።

እኛ ከዚህ ሁሉ የሰማነው አንድ ነገር ነው፤ ቁጥር አለ። አሥራ አንድ ጫኝ ባለበት ቦታ ቁጥር ካለ ውድድር ነው። ማን ነው ብዙ የሚችለው? ወዲያው ሠፈሩ ተቀወጠ። ከሁሉም በላይ የጮህኩት ደግሞ እኔ ነኝ። «ዶክተር፣ ሳጥንሽን አደራ፣ እኔ ጋ ስትደርስ ቁጥር ያልቅባታል!» አልኩ። አፌ እንዲህ ነው፤ ከእኔ ቀድሞ ነው የሚሄደው።

መጀመሪያ የተኛው ባለ ሽርጡ ነው። ሽርጡን እስከ ቁርጭምጭሚቱ ዘረጋው። «ምነው፣ ባትህን ባየው» ብትለው ፊቱን አኮሳትሮ «የአገራችን ባህል ነው እህቴ። ወንድ ልጅ ለሴት ጉልበቱን አያሳይም» አላት። ይሄ ጠዋት ጠዋት ጭኑን ገልጦ ገበያ መሐል የሚሮጠው ሰውዬ! እሷ ግን እንግዳ ናት፣ የሰው ባህል ማክበር ትወዳለች። «ይቅርታ፣ አላወቅኩም። ሽቦው ስላለ ችግር የለም» አለች፤ ቦታውን እየነገረችው ራሱ ከሽርጡ ሥር ለጠፈው።

ሽርጡ ሥር ምን እየተሠራ እንደሆነ ለእኛ ግልጽ ነው። ክራምፕ ሲይዝ መድኃኒቱ የእግር ጣትን ወደ ራስ መሳብ ነው፤ ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። ባለ ሽርጡ እግሩን ኋላው ያለው የጆንያ ክምር ላይ ተክሎ፣ ጣቱን ስቦ፣ ባቱን እንደ ክራር ወጥሮታል። እንዲህ የተወጠረ ባት ምን ቢመቱት አይጨበጥም። ሠላሳ ደረሰ። ጭብጨባ!

ቀጣዩ ሱሪ ለባሽ ነው፤ እሱም «የአገሩ ባህል» አለና ሽርጡን ተዋሰ። ሦስተኛውም ተዋሰ። ባለ ሽርጡ በቁምጣ ቀርቶ ጥግ ይዞ ተቀመጠ፣ ሽርጧ ከወገብ ወደ ወገብ ትዞራለች። ቅዳሴ ቀርቶበት የማያውቅ የሰፈሬ ልጅ ሳይቀር ሽርጥ ታጠቀ። ሁሉም ሠላሳ፣ ሠላሳ ሁለት። ልጅቷ ታብሌቷን ታያለች፣ ሳጥኗን ታያለች፣ ትነካካዋለች። «ማሽኑ ነው ወይስ የዚህ አገር ሰው እግር ከምን የተሠራ ነው?» አለች ለራሷ። አሳዘነችኝ።

ተራዬ ደረሰ። ካቦው በር ላይ ቆመዋል፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው። እሷ እያጎነበሰች ስትለጥፍብኝ ቀስ ብዬ ጠየቅኳት።

«ዶክተር፣ ቁጥሩ ትልቅ የሆነ ሰው ምንድን ነው? ጀግና ነው አይደል?»

«ጀግና አይደለም። በቀላሉ ክራምፕ አይይዘውም ማለት ነው።»

«ቁጥሩ ትንሽ የሆነስ?»

«እሱን በትንሹም በትልቁም ይይዘዋል። በሽታው እውነተኛ ነው።»

ያቺን ቀን የማሸንፍ ከሆነ ተሸንፌያለሁ። ሠላሳ ካመጣሁ «ይኸው፣ ከሁላችን እኩል ነው፣ አስመሳይ!» ብለው ቅዳሜ ያሰናብቱኛል። ትንሽ ካመጣሁ ደግሞ፣ ቁጥር ያልቅባታል ብሎ የጮኸው ሰውዬ ከሁሉ ደካማ ሆነ ተብሎ እስከ ዕለተ ሞቴ ይሳቅብኛል። ይሄን እያሰብኩ ባለ ሽርጡ ሽርጧን ወረወረልኝ። «ባህልህን አክብር እንጂ» አለኝ፣ ዓይኑን እየጠቀሰ።

ብድግ አልኩ። ሽርጧን መልሼ ወረወርኩለት። ሱሪዬን እስከ ጉልበቴ ሰበሰብኩ። አግዳሚውንም ከጆንያው ክምር ጎትቼ መሐል አመጣሁት፤ እግሬ ባዶ አየር ላይ እንዲንጠለጠል።

«ኧረ ባህል!» አለ አንዱ።

«የኔ ባህል ባቴ ነው! ኑና እዩት! ጋሼ፣ እርሶም ቅረቡ፣ በር ላይ ቆሞ መፍረድ የለም!»

ካቦውን እንደዚያ ተናግሮ የሚያውቅ የለም። እሳቸው ግን መጡ።

ስድስት ላይ ጫጩቷ ለቀመችኝ። ስምንት። አሥር ላይ ባቴ ውስጥ የሆነ ነገር ተገላበጠ፣ እንደ ዓሣ። ጣቴን መሳብ ፈለግኩ። በእግዜር እንዴት ፈለግኩ! ጣት ራሱ እየለመነኝ ነው። ጥርሴን ነክሼ ተውኩት። አሥራ ሁለት ላይ መጣ። ያ የማውቀው እጅ፣ ሳንቃው ላይ የሚጠብቀኝ፣ ገብቶ ጭብጥ አደረገው። ጮህኩ። ልጅቷ ወዲያው አጠፋችው።

እዚህ ላይ ስሙኝ። ሳጥኗ ጠፍታለች። መብራቷ የለም፣ ድምጿ የለም። ባቴ ግን አልለቀቀም። ሁሉም እያየው ተሰብስቦ ቁልቁል ወርዶ ሎሚ ሆኗል፣ ከቆዳው ሥር ይርገበገባል። «አያችሁ፣ አሁን የኔ ማሽን አይደለም። የራሱ ጡንቻ ነው» አለች።

«እያስመሰለ ነው» አለ ባለ ሽርጡ፣ ድምፁ ግን ቀጥኗል።

ካቦው ጎንበስ ብለው በአውራ ጣታቸው ተጫኑት። አልገባ አላቸው። «እስቲ አንተ እንደዚህ አስመስልና አሳየኝ» አሉት ባለ ሽርጡን። ከዚያ ራሳቸው ጣቴን ይዘው ወደ ላይ ሳቡልኝ፣ እስኪለቀኝ።

ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ይበቃዋል። እኔ ግን አልበቃኝም፤ ተቃጥያለኋ! ገና እንባዬን ሳልጠርግ «ዶክተር፣ ያ ሁሉ ሠላሳሽ ውሸት ነው! ሽርጡን ገልጠሽ ድገሚላቸው!» አልኩ። ጣት የመሳቡን ነገር ዘረገፍኩት። ልጅቷ መጀመሪያ ቀላች። ቀጥላ ሳቀች። ቀጥላ ደግሞ ቁጥራችንን የጻፈችበትን ወረቀት ቀደደችው። «ባህላችሁን አከብራለሁ። የዛሬውን ግን በቁምጣ» አለች።

አንድ በአንድ መሐል ባለው አግዳሚ ላይ ተኙ። እውነት ለመናገር ሦስቱ ሰዎች ያለ ሽርጥም ሠላሳን ነክተዋል፤ የተባረከ እግር አላቸው። የቀሩት ግን! ባለ ሽርጡ አሥራ አራት ላይ «ያ ኡሚ!» ብሎ እናቱን ተጣርቶ የሰፈር ውሻ አስነሳ። ያ ወገባቸውን አሞአቸው የነበሩት አዛውንት ደግሞ አሥራ ስድስት ላይ ተያዙና ሲለቃቸው ቀና ብለው «እኔንማ ስንት ዓመቱ። ያስወጡኛል ብዬ ነው ዝም ያልኩት» አሉ። ከዚያ ሌላውም፣ ሌላውም «እኔንም» አለ። ሳንቃው ላይ ጥርሱን ነክሶ የሚወጣው ሰው ብዛት! እያንዳንዱ ብቻውን የተያዘ መስሎት።

ባለ ሽርጡ ግን እልኸኛ ነው። «ያዘውም አልያዘውም ሕግ ሕግ ነው። ሦስቴ ጥሏል» አለ።

«እሺ ልውጣ!» አልኩ። «ግን ዛሬ እግሩ የተጨበጠ ሁሉ ከእኔ ጋር ይውጣ። አንተ ቀድመህ፣ ዕቃህን ሰብስብ!»

ካቦው ቅዳሜን አልጠበቁም። «ይሄ ልጅ አፉ ውሸታም ነው» አሉ። «ባቱ ግን ሕመምተኛ ነው። ለሕመምተኛ ደግሞ ሕግ አለን፤ ይቆያል። ፀሐይ ሲጠነክር ግን ከሳንቃ ወርዶ ያሸክማል።»

«ጋሼ፣ ማሸከም የሽማግሌ ሥራ ነው!»

«ጠዋት ጠዋት ሳንቃው ላይ ትወጣለህ። አሁን ዝም በል።» ወደ ሌሎቹ ዞሩ። «ደግሞም ሁላችሁም ስሙ። ከእንግዲህ ሊይዘው ያለ ሰው ይጩህ። የጮኸውን ሁለት ሰው ሮጦ ከሥሩ ገብቶ ጆንያውን ይቀበለው። አንተ መቼም ለመጮህ አታንስም» አሉኝ።

ይኸው እስከ ዛሬ እንደዚያ ነው የምንሠራው። «ያዘኝ!» የሚል ከተሰማ ሥራ ሁሉ ይቆማል። መጀመሪያ የጮኸው እኔ እንዳይመስላችሁ። በቀጣዩ ሰኞ፣ ሳንቃው ጫፍ ላይ፣ ባለ ሽርጡ ነው። ከሥሩ ሮጬ ገብቼ ኩንታሉን የተቀበልኩት ደግሞ እኔ ነኝ፣ ብቻዬን፤ ሁለተኛው ሰው እስኪደርስ ድረስ ጨርሻለሁ። አመሰግናለሁ አላለም። «ዝም ብለህ ያዝ፣ አታውራ» ነው ያለው። ያቺ ለሱ ምስጋና ናት።

ልጅቷ ጋ አሁንም እመላለሳለሁ። እየደጋገመች ብትመታው ቁጥሩ ከፍ ሊል ይችላል፣ ላይልም ይችላል፣ እሱን ነው የማጠናው አለችኝ። እውነቱን ስለነገረችኝ ነው የምሄደው። አሁን አሥራ አምስት ደርሻለሁ። በአንድ በኩል ደስ ይላል፤ በሌላ በኩል ከመላው ይፋት ዝቅተኛው ቁጥር የኔ ነበር፣ ክብሬን አጣሁ። ማንም ግን አልነጠቀኝም፣ የበለጥኩት ራሴን ነው።

አሁንም ትስቃላችሁ? ሳቁ! ግን እዛው ቁጭ ብላችሁ አትሳቁ። ሸዋ ሮቢት ኑ፣ ከአስፋልቱ ወርዳችሁ የሽንኩርት መጋዘን የት ነው በሉ፣ ማንም ያሳያችኋል። እኔን አትጠይቁኝ፣ የኔን አፍ ታውቁታላችሁ። ካቦውን ጠይቁ፣ አውራ ጣታቸው አልገባ ያላቸው እሳቸው ናቸው። አዛውንቱን ጠይቁ። ወንድ ከሆናችሁ ደግሞ ባለ ሽርጡን ጠይቁት፣ አሥራ አራት ላይ ማንን እንደጠራ!